ነዳጁ የተተወበት ድምፅ

(ደሴ ውስጥ ለአንድ የተማሪዎች ኅብረት አባላት፣ ኅብረቱ በሱዳን ጦርነት ላይ ስለሚይዘው አቋም ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ካደረግሁት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ የኅብረቱ ተወካዮች፣ ውድ ተማሪዎች፣

በሚቀጥለው ሳምንት ድምፅ የምትሰጡበትን ረቂቅ አስቀድማችሁ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ደጋግሜ አነበብሁት። አንድ ገጽ ነው። በሦስተኛው አንቀጽ ላይ «የሱዳን ጦር» የሚለው በእስክሪብቶ ተሰርዞ ከላዩ «ሁለቱም ተፋላሚ ወገኖች» ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላ እጅ ደግሞ ይህንኑ ሰርዞ የመጀመሪያውን መልሶታል። በኅዳጉ ላይ አንድ ሰው ኢትዮጵያና ሱዳን የሚወዛገቡበትን የድንበር መሬት አንሥቶ በእርሳስ «አል ፋሽቃስ?» ሲል ጠይቋል። ኅብረቱ አራት ጊዜ ያወግዛል፣ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፣ አንድ ጊዜ በጥብቅ ያሳስባል። ኅብረቱ ራሱ የሚሠራው ነገር ግን በዚያ ገጽ ላይ የለም።

የመጣሁት ስለዚህ ስለጎደለው ነገር ልናገር ነው። «አቋም አትያዙ» ልላችሁ አይደለም። ያዙ። ጎረቤት አገር ሲነድ ዝም ያለ የተማሪ ኅብረት የሻይ ክበብ አስተዳዳሪ ከመሆን አያልፍም። የምለምናችሁ አቋማችሁ እናንተን ራሳችሁን አንድ ነገር እንዲያስከፍላችሁ ነው።

ከመካከላችሁ «የደሴ ተማሪ አቋም ያዘ አልያዘ ለካርቱም ምኗ ነው?» የምትሉ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። በቀላሉ የሚጣል ጥያቄ አይደለም። የራሳችን ቁስል ገና አልጠገገም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ ምን አድርጎ እንደሄደ ለእናንተ የሚነግራችሁ አያስፈልግም፤ አንዳንዶቻችሁ በሐረጎ መንገድ በእግር የወረዳችሁ ናችሁ። የራሱን ቤት ገና ያልጠገነ ሰው ስለ ጎረቤት ቤት ለመናገር ቢያመነታ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ይህች ከተማ ጥያቄውን ከሌላው ጫፍም ታውቀዋለች። ዓለም ተሰብስቦ ድምፅ የሰጠው ስለ እርሷና ስለ አገሯ የነበረበት ጊዜ አለ።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴ ሰማይ ላይ ደረሱ። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን ወደዚህ ካዛወሩ ገና ጥቂት ቀናት ነበር። አውሮፕላኖቹ ፈንጂና ተቀጣጣይ ቦምብ እያፈራረቁ ጣሉ። ጎጆዎች ነደዱ። ቀይ መስቀል በግልጽ የተዘረጋበት የአሜሪካ ሚስዮን ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከመትረየስ ኋላ ሆነው ወደ ሰማይ ተኮሱ። በስፍራው የነበሩ የውጭ አገር ሐኪሞች ያዩትን ጽፈው፣ ፈርመው፣ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ወደሚገኝባት ወደ ጄኔቭ በቴሌግራም አቤቱታ ላኩ። እነዚያ ሐኪሞች ስለ ደሴ ሲጽፉ «ለእኛ ምናችን ነው» አላሉም። ከጦሳ ግርጌ የተነሣው ጭስ ጄኔቭ ጠረጴዛ ላይ የደረሰው በእነርሱ ፊርማ ነው።

ጄኔቭ ደግሞ አስቀድማ ድምፅ ሰጥታ ነበር። ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን በተሻገረች በአምስተኛው ቀን የዓለም መንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ኢጣሊያ የማኅበሩን ቃል ኪዳን ጥሳ ጦርነት እንደከፈተች ወሰነ። ከዚያ ጉዳዩ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ሄደ። ከ54ቱ አባል አገሮች 50ው ተስማሙ። ኦስትሪያ፣ ሀንጋሪና አልባኒያ አልተስማሙም፤ ኢጣሊያም ባለጉዳይ ናት። ሃምሳ አገር! በታሪክ እንዲህ ያለ የድምፅ ብልጫ ያገኘ ተበዳይ ጥቂት ነው። ኅዳር 8 ቀን ማዕቀቡ ሥራ ላይ ዋለ። የጦር መሣሪያ ለኢጣሊያ እንዳይሸጥ፣ ገንዘብ እንዳይበደር፣ የኢጣሊያ ዕቃ እንዳይገዛ ተከለከለ።

ነዳጅ ግን አልተከለከለም። የድንጋይ ከሰልና ብረትም እንዲሁ። የኢጣሊያ ጦር መርከቦች የሚያልፉበት የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የዛሬ ንግግሬ በሙሉ ያለው እዚህ ነው። ደሴን የደበደበው አውሮፕላን በነዳጅ ነበር የሚበርረው። የመርዝ ጋዙን ተሸክሞ ወደ ሰሜን ግንባር የሄደው አውሮፕላን በነዳጅ ነበር የሚበርረው። ወታደሩንና ቀለቡን ከምፅዋ ወደ ላይ የሚያወጣው ካሚዮን በነዳጅ ነበር የሚሄደው። ሃምሳዎቹ አገሮች ይህን አልሳቱትም። ስለ ነዳጅ ስንት ጊዜ ተነጋገሩ፤ ስንት ጊዜ አዘገዩት። ፈረንሳይ ጀርመንን ትፈራለችና ሙሶሊኒን ማስቀየም አልፈለገችም። እንግሊዝ በሜዲትራኒያን ባሕር ጦርነት ቢነሣ ብቻዬን እቀራለሁ ብላ ሰጋች። አሜሪካ የማኅበሩ አባል ስላልነበረች ነዳጇን መሸጥ ቀጠለች። እያንዳንዱ አገር ለራሱ በቂ የሚመስል ምክንያት ነበረው። ሁሉም ኢጣሊያን ለማውገዝ ፈቃደኛ ሆነው፣ ራሳቸውን የሚያስከፍላቸው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን አነሡ። ሙሶሊኒ ራሱ ማዕቀቡ ነዳጅን ጨምሮ ቢሆን ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት ይገደድ እንደነበር በኋላ ለሂትለር መንገሩን የጀርመኑ አስተርጓሚ ጽፏል።

ማይጨው መጋቢት 22 ተዋጋን። ሚያዝያ 7 ቀን ኢጣሊያኖች ደሴ ገቡ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ቆመው ተናገሩ። በሳምንታት ውስጥ ማዕቀቡ፣ ያው ነዳጅ የሌለበት ማዕቀብ፣ ተነሣ።

አደራ፣ ከዚህ ተነሥታችሁ «ድምፅ ዋጋ የለውም» እንዳትሉ። ያ መደምደሚያ ከታሪኩ ጋር አይስማማም። ውጤቱ በሰኔ 1927 ዓ.ም. ይፋ በሆነው፣ የእንግሊዝ ፈቃደኞች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ በሰበሰቡት የሕዝብ ድምፅ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው ተሳትፎ ነበር። አንድ አገር ሌላውን ቢወርር ሌሎቹ አገሮች በኢኮኖሚ ማዕቀብ ያስቁሙት ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው «አዎ» አለ። ይህ ሕጋዊ አስገዳጅነት የሌለው፣ የበጎ ፈቃድ ድምፅ ነበር። ነገር ግን ደሴ በተደበደበች በሁለተኛው ቀን የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ፓሪስ ላይ የኢትዮጵያን ሰፊ ግዛት ለሙሶሊኒ ለመስጠት ሲስማሙና ምስጢሩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ፣ ያ በየቤቱ ድምፅ የሰጠ ሕዝብ ተቆጣ። ደብዳቤው እንደ ጎርፍ ወደ ፓርላማ አባላቱ ፈሰሰ። ሆር ታኅሣሥ 8 ቀን ከሥልጣኑ ወረደ፤ ዕቅዱም ቀረ። ያ ሕዝብ እኛን አላዳነንም፤ ግን ግዛታችን በጓዳ ተቆርሶ እንዳይሰጥ አድርጓል። ድምፅ ከሰጡ በኋላ ጉዳዩን የሚከታተሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

አሁን ወደ ተማሪዎች ልምጣ፤ የእናንተ ቢጤዎች በዚያው ዓመት ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ።

ስለ ተማሪዎችና ጦርነት ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው የኦክስፎርድ ክርክር ነው። በየካቲት 1925 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ተከራካሪዎች ማኅበር «በምንም ሁኔታ ለንጉሥና ለአገር አንዋጋም» የሚለውን ሐሳብ በ275 ለ153 አጸደቀ። አገር ታመሰ፤ ጋዜጦች ጮኹ። ያ ድምፅ ሂትለርን አደፋፈረው ብለው እስከ ዛሬ የሚጽፉ አሉ፤ ማስረጃቸው ስስ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ሐሳብ አንዲት ሥራ በማንም ላይ አልጫነም። ጦርነቱ ሲመጣ የዚያ ትውልድ ወጣት አብዛኛው ዘመተ። ብዙ የተወራለት ድምፅ ነው፤ የሠራው ሥራ ግን ከወሬው በጣም ያንሳል።

ብዙ ያልተወራለትን ደግሞ ተመልከቱ። በ1917 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ የተቋቋመ የምዕራብ አፍሪካ ተማሪዎች ኅብረት ነበር። መሥራቹ ላዲፖ ሶላንኬ የሚባል የናይጄሪያ የሕግ ተማሪ ነበር። አባላቱ በቅኝ ግዛት ሥር ያሉ፣ በባዕድ ከተማ ቤት ለመከራየት እንኳ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት የሚቸገሩ ወጣቶች ናቸው። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወርር እነርሱ የኢትዮጵያ መከላከያ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ገንዘብ ለማሰባሰብ ተነሡ። አቋማቸውን የገለጹት የሚኖሩባት፣ የሚማሩባት፣ የምትገዛቸውም አገር ፖሊሲ እየተወላወለ ባለበት ሰዓት ነበር። ከኪሳቸው አወጡ፤ ስማቸውንም አስመዘገቡ። ወደ ግንባር የደረሰው እርዳታ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ዋጋው ግን የእነርሱ ነበር፤ ከሌላ ሰው ኪስ አልወጣም።

በዚያው ዓመት በፓሪስ ደግሞ ሌላ የተማሪ አቋም ታየ። በፓሪስ የሕግ ፋኩልቲ ጋስቶን ዤዝ የሚባሉ የታወቁ የመንግሥት ፋይናንስ ፕሮፌሰር ነበሩ። ኢትዮጵያ በጄኔቭ ጉዳይዋን ስታቀርብ የሕግ አማካሪዋ እርሳቸው ነበሩ። ለዚህ ሲባል ከጥር እስከ መጋቢት 1928 ዓ.ም. ድረስ የቀኝ ክንፍ ተማሪዎች ማስተማር ከለከሏቸው። አዳራሹ ውስጥ ጮኹ፣ ረበሹ፣ «ዤዝ ይውጣ» እያሉ ጎዳና ወጡ። ፋኩልቲው ለጊዜው እስከ መዘጋት ደረሰ። ከሰልፈኞቹ መካከል ያኔ የ19 ዓመት ወጣት የነበረው፣ በኋላ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንሷ ሚተራን በፎቶግራፍ ታይቷል።

ይህን የምነግራችሁ ሚተራንን ለመውቀስ አይደለም። ተማሪ ስለሆነ ብቻ ተማሪ ትክክል እንደማይሆን እንድታዩ ነው። ወጣትነት ከስሕተት አያድንም። የፓሪሶቹ ልጆች ስሜታቸው የለንደኖቹን ያህል የጋለ ነበር፤ ድምፃቸውም ይበልጥ ይሰማ ነበር። ልዩነቱ አንደኛው ወገን ለተጠቃው ከራሱ ቆርሶ ሲሰጥ፣ ሌላው ለተጠቃው የሚናገረውን አንድ ሰው አፍ ለመዝጋት መነሣቱ ነው። አቋማችሁን ስትጽፉ ከሁለቱ የትኛውን እንደምትመስሉ ራሳችሁን ጠይቁ። በተለይ ከመካከላችሁ «ተቃውሞ የሚናገር ተማሪ በስብሰባው ላይ ዕድል አይሰጠው» የሚል ሐሳብ እንደተነሣ ስሰማ አዝኛለሁ። እንዲህ ያለው ሐሳብ በረቂቁ ላይ እንዳይገባ በጽኑ እለምናችኋለሁ።

የራሳችንም ታሪክ አለ። የኢትዮጵያ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። ዓመት ሳይሞላ፣ በኅዳር 1958 ዓ.ም.፣ የሮዴዥያ ነጮች የብዙኃኑን መብት ረግጠው ነጻነት ሲያውጁ፣ እነዚያው ተማሪዎች ያንን ተቃውመው ወጡ። ስለ ቬትናም ጮኹ፤ ስለ ደቡብ አፍሪካ ጮኹ። በዚያ ትውልድ እኮራለሁ። ገበሬውን አይቶ ዓለምን የረሳ፣ ዓለምን አይቶ ገበሬውን የረሳ አልነበረም። ነገር ግን ሌላም ነገር እናውቃለን። ያ እንቅስቃሴ እየገፋ ሲሄድ የተለየ ሐሳብ ያለው ሁሉ አድኃሪ መባል ጀመረ። በ1963 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ ያለው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ሎስ አንጀለስ ላይ ባደረገው ጉባኤ ተሰነጠቀ። ያ ስንጥቅ ወደ አገር ቤት ሲመለስ በስብሰባ የሚጣሉ ልጆች በጎዳና ተገዳደሉ። ከደሴ ቤቶች ስንቱ ልጁን እንዳጣ ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁ። ስለዚህ በጠባብ ብልጫ ያለፈ አቋም ተሸናፊውን ወገን እንዴት እንደሚይዝ ስትወስኑ ቀልድ አይሁንባችሁ።

አሁን ወደ ሱዳን። ጦርነቱ የተነሣው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ደሴ በ1928 በኢጣሊያኖች በተያዘችበት ዕለት። በአንድ በኩል በጄኔራል አብደል ፋታህ አልቡርሃን የሚመራው ጦር፣ በሌላ በኩል በጄኔራል መሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ የሚመራው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል። ሁለቱ ሰዎች በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሲቪሉን መንግሥት አብረው የገለበጡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት በሰሜን ዳርፉር በዘምዘም የተፈናቃዮች መጠለያ ረሃብ መከሰቱ ተረጋገጠ።

ስለ ሱዳንም ድምፅ ተሰጥቷል። ሰኔ 6 ቀን 2016 ዓ.ም. የጸጥታው ምክር ቤት ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ በኤል ፋሸር ከተማ ላይ ያደረገውን ከበባ እንዲያነሣ በ14 ድምፅ ጠየቀ፤ የተቃወመ አልነበረም፣ ሩሲያ ብቻ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። በኅዳር 2017 ሌላ ረቂቅ ቀርቦ 14ቱ ሲደግፉት ሩሲያ ሻረችው። ከበባው አልተነሣም። ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ኤል ፋሸር በፈጥኖ ደራሹ እጅ ወደቀች፤ በሲቪሎች ላይ የተፈጸመውን ግድያ ገዳዮቹ ራሳቸው እየቀረጹ ዓለም አየው።

የ1928ቱ ነዳጅ በሱዳን ምን ይሆን? መሣሪያውና ወርቁ ነው። የመሣሪያ ማዕቀቡ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ የሚሸፍነው ግን ዳርፉርን ብቻ ነው፤ ዳርፉር ውስጥም ቢሆን መሣሪያው መግባቱን አላቋረጠም። የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን በጥር 2016 ይፋ በሆነ ሪፖርቱ ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ በቻድ በኩል ለፈጥኖ ደራሹ መሣሪያ ይገባል የሚለውን ክስ ተአማኒ ብሎታል፤ ኤምሬትስ ታስተባብላለች። ጦሩም በበኩሉ የኢራን ሥሪት ድሮኖችን ጨምሮ ከውጭ የመጣ መሣሪያ ይዟል። የሁለቱም ወገን ጦርነት የሚታገዘው ከሱዳን ምድር በሚወጣ ወርቅ ነው። በረቂቃችሁ ውስጥ ስለ መሣሪያ አንድ ሐረግ አለ፤ ስለ ወርቅ አንድም የለም፤ ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ምንም አይልም።

ለምን እንደሌለ ይገባኛል። ወሎ ውስጥ ዐረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ብዙ አይደለም። ከእናንተ ውስጥ የዩኒፎርሙ፣ የደብተሩ፣ የመጓጓዣው ገንዘብ እኅቱ በባሕረ ሰላጤው አገር ቤት ስትሠራ ከላከችው ሐዋላ የመጣለት ተማሪ ጥቂት አይደለም። የእርሷን እንጀራ የሚነካ ቃል መጻፍ ያስፈራል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ አልንቀውም። የ1928ቱ ሃምሳ አገሮች የፈሩትም በልካቸው እንዲህ ያለ ነገር ነበር። ግን ያ የተተወው አንቀጽ ደሴን ምን እንዳስከፈላት ታውቃላችሁና፣ እናንተ ቢያንስ የባለሙያዎቹ ቡድን ያለውንና ኤምሬትስ የመለሰችውን ጎን ለጎን ጻፉ። ከዚያ በላይ መጮኽ አያስፈልግም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ስለ አል ፋሽቃ የጠየቀው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ጥያቄው ግን የብዙዎች ነው። የሱዳን ጦር በ2013 ዓ.ም. ያንን ለም መሬት ሲይዝ ገበሬዎቻችን ተፈናቅለዋል። ቁጣው ትክክለኛ ነው። ነገር ግን በኤል ፋሸር ለተከበበች እናት በቆመ መግለጫ ውስጥ የድንበር ሂሳብ መጨመር ሁለቱንም ጉዳይ ያበላሻል። ስለ ድንበሩ ሌላ ቀን፣ በሌላ ወረቀት ተወያዩ። በቅድመ ውይይታችሁ ላይ ከመተማ በኩል የመጣች አንዲት ተማሪ የተናገረችው እስካሁን በጆሮዬ አለ። አባቷ ሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ ከወዲያ ማዶ የቆዩ ደንበኞች ነበሯቸው። ጦርነቱ ሲነሣ ከደንበኞቹ አንዱ ልጆቹን ይዞ እየሸሸ መጥቶ ቤታቸው አረፈ። «አባቴ የየትኛው ጄኔራል ደጋፊ ነህ ብሎ አልጠየቀውም፤ ለልጆቹ ውሃ አቀረበ እንጂ» አለች። ከዚያ ተቀመጠች። በረቂቁ ላይ የወገን ስም እየሰረዛችሁ እየመለሳችሁ ከምትጣሉ፣ የምታወግዙት ድርጊቱን ይሁን፦ ከተማ ከብቦ ማስራብን፣ ሆስፒታል መምታትን፣ ሴቶችን መድፈርን፣ ሰውን በዘሩ ለይቶ መግደልን። ድርጊቱን የፈጸመው ማንም ይሁን ማን በዚያ ስም ይገኝበታል፤ ፈጥኖ ደራሹ በኤል ፋሸር ያደረገውንም በግልጽ ለመጥራት አያግዳችሁም።

ለሱዳን ሕዝብ ደግሞ ዕዳ አለብን። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ የተሰናዱት ካርቱም ላይ ነው፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ሲሻገሩና ጎጃምን ሲያቋርጡ አብረው ከተዋጉት መካከል የሱዳን ድንበር ሻለቃ ወታደሮች ነበሩ። ከዚያ ወዲህም በየዘመኑ የእኛ ስደተኛ ገዳሪፍ ደርሶ ጥላ አግኝቷል።

ስለ ድምፅ አሰጣጡ ጥቂት ልበል። ኅብረታችሁ ማንም ተማሪ በምዝገባ ብቻ አባል የሚሆንበት ነው፤ እንደ ፓርቲ ፈልጎ የገባበት አይደለም። ስለዚህ መግለጫው «ተማሪዎች» ሲል ያልተጠየቀውንም ሰው ስም ይወስዳል። እኔ ብሆን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ አቋሙ አይታወጅ እል ነበር። የደገፈው፣ የተቃወመውና የታቀበው ቁጥር ከመግለጫው ጋር ይውጣ። የተቃወሙት ከፈለጉ አንድ አንቀጽ ጽፈው በዚያው ወረቀት ግርጌ ያስገቡ። የታቀበውን ሰው «ፈሪ» አትበሉት። የካቲት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ዩክሬን ድምፅ ሲሰጥ 141 አገሮች ደገፉ፣ 5 ተቃወሙ፣ 35 ታቀቡ። ኢትዮጵያ ከሦስቱም መዝገብ የለችም፤ ድምፅ አልሰጠችም። ዕለቱ የዓድዋ በዓል ነበር። በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ ተገኝታ ቢያንስ ብትታቀብና ምክንያቷን ብትናገር እመርጥ ነበር፤ የታቀበ ሰው ተገኝቶ፣ ሰምቶ፣ «አልወስንም» ያለ ነውና ተጠያቂነቱን ይሸከማል። ስለዚህ በዕለቱ ከመኝታ ክፍላችሁ አትቅሩ።

የመጨረሻው የሚከብደኝ ነገር ሥራው ነው። ምን ማድረግ ትችላላችሁ? ሚሊዮን ብር የላችሁም። ያላችሁን ልቁጠርላችሁ።

ዐረብኛ አላችሁ። በወሎ መድረሳ ተምሮ ቁርኣን ብቻ ሳይሆን ሌላም የዐረብኛ ጽሑፍ የሚያነብ፣ ከዐረብ አገር ተመልሶ እንደ አማርኛ የሚናገር ስንት ሰው በየቤታችሁ አለ። የሱዳን ወጣቶች የሚጽፉት፣ የሚመሰክሩት፣ የሚለምኑት በዐረብኛ ነው። በሱዳን የአስቸኳይ ምላሽ ክፍሎች የሚባሉ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች አሉ፤ ብዙዎቹ እንደ እናንተ ተማሪዎች የነበሩ ናቸው። ጦርነቱ ሲጀመር በየሰፈሩ የጋራ ማዕድ ቤት ከፍተው ለሰፈራቸው አበሰሉ፤ ቁስለኛ ወደ ሕክምና አደረሱ፤ ለዚህም አንዳንዶቹ ታሰሩ፣ ተገደሉ። በ2018 ዓ.ም. መስከረም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። እነርሱ የሚጽፉትን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ገጽ ወደ አማርኛ መልሳችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ለጥፉ። አማርኛ አንባቢ ስለ ሱዳን የሚያውቀው ከጄኔራሎቹ ስም አይዘልም፤ ይህን መቀየር ትችላላችሁ።

ወንበርም አላችሁ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ስንት የሱዳን የትምህርት ተቋም በጦርነቱ ተጎድቷል፤ ተማሪዎቻቸው በመተማ በኩል ስደተኛ ሆነው ገብተዋል። ኅብረቱ ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር በይፋ ደብዳቤ ጽፎ፣ ለእንዲህ ያሉ ተማሪዎች ጥቂት ቦታ እንዲመደብ ይጠይቅ፤ ቦታው ከተገኘ ዶርም የሚጋራ፣ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ትምህርት የሚያግዝ ፈቃደኛ ተማሪ ስም ዝርዝር ከደብዳቤው ጋር ይያያዝ። ስም ሲባል የአባል ሁሉ ስም አይደለም፤ ክፍሌን አካፍላለሁ ያለው ሰው ብቻ ይፈርም። ምናልባት ያ ዝርዝር አጭር ይሆናል። ይሁን፤ እውነተኛ ነው።

ስለዚህ በረቂቁ ላይ አራት ማሻሻያ በጽሑፍ አዘጋጅቼ ለጸሐፊዋ ሰጥቻለሁ። በሦስተኛው አንቀጽ የወገን ስም በድርጊት ይተካ፤ ኤል ፋሸር በስሙ ይጠራ። በአምስተኛው አንቀጽ ስለ መሣሪያና ወርቅ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይግባ። ከስድስተኛው ቀጥሎ የትርጉም ሥራውና ደብዳቤው፣ ከኃላፊዎቹ ስምና ከሚጀመርበት ቀን ጋር፣ አዲስ አንቀጽ ይሁን። በመጨረሻም ኅብረቱ ከስድስት ወር በኋላ በዚሁ አዳራሽ ተሰብስቦ የሠራውንና ያልሠራውን ለአባላቱ ሪፖርት ያቅርብ።

አዲሱ አንቀጽ ውድቅ ከተደረገ ግን ሌላው ሁሉ ቢጸድቅም መግለጫውን ከማውጣታችሁ በፊት እንደገና እንድትሰበሰቡ እጠይቃለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን እሰማለሁ፤ ከሚቃወሙት ብንጀምር ደስ ይለኛል።